ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ስምምነቱ ግን ጎደሎ ነበር

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማዋ ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠኑ አራት ተማሪዎች በዚህ ጎዳና ላለ አንድ ምግብ ቤት የምግብ ማዘዣ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሡ እንበል። ባለቤቷ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ አጭርና ግልጽ ይመስላል፦ «በጾም ቀን የፍስኩ ምግብ ከዝርዝሩ ይደበቅ።»

ተማሪዎቹ ረቡዕንና ዓርብን የጾም ቀን አድርገው ፕሮግራሙን ጻፉ። የዐቢይ ጾምንም ቀናት ከቀን መቁጠሪያ ገልብጠው አስገቡ። ደጋግመው ፈተኑት፤ ሠራ። ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ረቡዕ ግን ስልካቸው ጮኸ። «ልጆቼ፣ ዛሬ እኮ ጾም የለም፤ በዓለ ሃምሳ ነው። ዶሮ ወጡን ማን ደበቀብኝ?»

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ባለቤቷ ይህን ያልተናገሩት ለመደበቅ ፈልገው ሳይሆን፣ መነገር የሚያስፈልገው ነገር ስላልመሰላቸው ነው። ተማሪዎቹም አልጠየቁም። ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው።

በተማሪዎች የፕሮግራም ሥራ ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ይህ ልዩነት ነው። ፕሮግራም አውጪዎች «ባግ» የሚሉት ስህተት፣ ፕሮግራሙ ከተስማሙበት ነገር ሲያፈነግጥ የሚታይ ጉድለት ነው፤ ለምሳሌ በአንድ ሒሳብ ላይ ግብር ሁለት ጊዜ ሲደምር። የመስፈርት ጉድለት ግን ፕሮግራሙ የተስማሙበትን ሁሉ እየፈጸመ፣ ስምምነቱ ራሱ እውነታውን ሳይሸፍን ሲቀር የሚከሰት ነው። የመጀመሪያውን ኮዱን የጻፈው ተማሪ ሊያርመው ይችላል። ሁለተኛውን ለማረም ግን ወደ ባለቤቷ ተመልሶ መጠየቅ ግድ ይላል። ሁለቱን ያልለየ ቡድን ኮድ ሲያገላብጥ ያድራል፤ ችግሩ ግን ከኮዱ ውስጥ አይገኝም።

ጉዳዩ የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ በመኪና ብዙም በማይርቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩሲኤልኤ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ምሽት ላይ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ከሰሜን ካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት ተቀመጠ። ዛሬ ኢንተርኔት ለምንለው መረብ መነሻ የሆነው የአርፓኔት የመጀመሪያ መልእክት ነበር። ክላይን በእንግሊዝኛ «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መጻፍ ጀመረ፤ በስልክም ከወዲያኛው ጫፍ ካለው ከቢል ዱቫል ጋር ፊደል በፊደል ያረጋግጥ ነበር። ሁለት ፊደላት ከደረሱ በኋላ የስታንፎርዱ ሥርዓት ተቋርጦ ወደቀ።

ምክንያቱ መጪ ፊደላትን ለጊዜው የሚይዘው የማከማቻ ቦታ መጥበቡ ነበር። የቦታው ልክ የታሰበው ቀርፋፋ ለሆኑት የዘመኑ ተርሚናሎች እንጂ ለአዲሱ መረብ ፍጥነት አልነበረም። በዓለም ታዋቂ የሆነው ይህ ባግ ሲመረመር፣ ከሥሩ የተገኘው ማንም ያልጻፈው መስፈርት ነው። ዱቫል ቦታውን አሰፋው፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላም ግንኙነቱ ተሳካ። በዩሲኤልኤ በኩል በእጅ ይጻፍ በነበረው መዝገብ ላይ ክስተቱ 22:30 ከሚል ሰዓት ጋር ሰፍሯል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 መሆኑ ነው። ዛሬ የታሪክ ሰዎች ያንን ምሽት በደቂቃ መጥቀስ የቻሉት አንድ ተማሪ በጊዜው ስለመዘገበው ነው።

መስፈርቶቹንም በጽሑፍ ማኖር የጀመሩት ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ስቲቭ ክሮከር ኮምፒውተሮቹ እንዴት ሊነጋገሩ እንደሚገባ የሚያትት ሰነድ አሰራጨ። ርእሱ ትእዛዝ አልነበረም፤ «አስተያየት ይሰጥበት» የሚል ትርጉም ያለው ትሑት ጥያቄ ነበር። ያ ተከታታይ ሰነድ ዛሬ ከ9,000 በላይ ቁጥር ደርሷል፤ የኢንተርኔት አሠራርም አሁን ድረስ የሚመራበት ነው።

መጻፍ ብቻውን ግን አያድንም። ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው ፓሳዴና ያለው የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» የተባለችውን መንኮራኩር ያጣው መስፈርቱ በጽሑፍ ሰፍሮ እያለ ነው። ሰነዱ የሞተሩን ግፊት በሜትሪክ መለኪያ አስሉ ይላል፤ ከምድር ሆኖ የሚያሰላው ፕሮግራም ግን በእንግሊዝ መለኪያ ያወጣ ነበር። የሁለቱ ልዩነት 4.45 እጥፍ ያህል ነው። መንኮራኩሯ ከታቀደው እጅግ ዝቅ ብላ ወደ ማርስ ከባቢ አየር ገባች፤ በዚያው ጠፋች። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ቁጥሮቹ አለመጣጣማቸውን አስቀድመው አስተውለው ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ በመደበኛው የችግር መመዝገቢያ ሥርዓት ከማለፍ ይልቅ በኢሜይል ልውውጥ መካከል ቀረ።

ስለዚህ አንድ የተማሪዎች ቡድን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሁለት መዝገቦች ሊኖሩት ይገባል። አንዱ የመስፈርት፣ ሌላው የስህተት መዝገብ ነው። እንደ ጊትሃብ ያሉ አገልግሎቶች ይህን ያቀልላሉ፤ ተራ ሰንጠረዥም ይበቃል። እያንዳንዱ መስፈርት ቁጥር፣ የጠየቀው ሰው ማንነትና መፈጸሙ የሚረጋገጥበት ፈተና ይኑረው። «በጾም ቀን» የሚለው ቃል አጠገብ «የትኞቹ ቀናት? ያለ ጾም የሚታለፈውስ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ቢጻፍ ኖሮ ዶሮ ወጡ አይደበቅም ነበር።

የስህተት መዝገቡ ደግሞ አምስት ነገሮችን ይያዝ፦ ምን ሲደረግ ተከሰተ፣ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ማን ይዞታል፣ አሁን ምን ደረጃ ላይ ነው። «አይሠራም» ብሎ መልእክት መላክ ማስታወቂያ እንጂ መዝገብ አይደለም። ክብደትና ቅድሚያም ይለያሉ። በዓመት አንዴ ፕሮግራሙን የሚያቆም ጉድለት ከባድ ቢሆንም፣ ዛሬ ለጾመኛ ቅቤ የገባበትን ሽሮ «የጾም» ብሎ የሚያሳየው ስህተት ሊቀድመው ይችላል፤ የሰውን እምነት የሚነካ ነውና። አንድ ስህተት ሲታረም፣ ስህተቱን ያጋለጠው ፈተና ይቀመጥ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ለውጥ ተመልሶ ይመጣል።

የፌርፋክስ ደንበኞች ሌሎች ያልተጻፉ መስፈርቶችንም ይዘው ይመጣሉ። አንዲት እናት «ቅዳሜ በ7 ሰዓት ይድረስልኝ» ብለው ለክርስትና ድግስ ምግብ ቢያዙ፣ የሚጠብቁት ቀትር ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ምሽት 7 ሰዓት ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ እንግዶቹ ባዶ ማዕድ ይጠብቃቸዋል። «ፀሐይ» ብላ የተመዘገበች ደንበኛም «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ ላትገኝ ትችላለች። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለያዘ፣ ለአንባቢ ድምፃቸው አንድ የሆነው ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥንም አባት፣ ልጅና ሚስት አንድ መጠሪያ ለማይጋሩበት ማኅበረሰብ አይበቃም።

ይህን ሁሉ በሌላ አገር ከተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። የሚገኘው ከባለቤቷ ጋር ቡና እየጠጡ፣ ግልጽ የመሰለውን ነገር ሳይቀር በመጠየቅ ነው። በሁለት ባህል መካከል ያደጉ ተማሪዎች እዚህ ላይ ብልጫ አላቸው፤ የሁለቱንም ወገን «የታወቀ ነው» የሚባል ነገር መስማት ይችላሉና። የተሰማው ግን በዚያው ቀን ይጻፍ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለፕሮግራም ሥራም ይሠራል።

በምሳሌያችን ያሉት ተማሪዎች ወደ ምግብ ቤቱ ሲመለሱ ሌላም ነገር ይሰማሉ። «የጾም በያይነቱማ» ይላሉ ባለቤቷ፣ «ሥጋ የማይበሉት አሜሪካውያን በየቀኑ ይፈልጉታል፤ እሱን በፍስክ ቀን እንዳትደብቁብኝ።» ይህ በመዝገቡ ላይ አዲስ ቁጥር ይዞ ይሰፍራል።