ተፈናቃይ እንዴት ይቆጠራል?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን ሲጓዝ ሺሺንዳን ያለፈ ሰው የካፋ ገጠር ቤቶች በእንሰትና በቡና ተከልለው ተራርቀው እንደሚገኙ ያስታውሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ ቢደርስ የሚያርፈው በድንኳን ሳይሆን በዘመድ ቤት ነው። በእርዳታ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ቤተሰብ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት ቁጥር ትንበያ ሲሆን፣ ድንገተኛ መፈናቀልን ሊያሳይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በኢትዮጵያ በግጭት ሳቢያ 2.9 ሚሊዮን አዳዲስ መፈናቀሎች ተመዝግበዋል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከፍተኛው ነበር። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በኢራቅ የጀመረውንና በኋላም በአገራችን ሥራ ላይ ያዋለውን የመፈናቀል መከታተያ ዘዴ ብንመለከት፣ መረጃው በአብዛኛው የሚሰበሰበው ቤት ለቤት በመቁጠር ሳይሆን ሽማግሌዎችን፣ የቀበሌ ሹማምንትንና የጤና ሠራተኞችን በመጠየቅ ነው። ዘዴው ፈጣን ነው፤ በዘመድ ቤት የተሸሸገውን ግን በቀላሉ አያገኘውም።

ያልታየውን ለመገመት የሚረዳ አንድ ስሌት ግን አለ። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ፒተርሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለዓሣ የተጠቀመበት ነው። ለምሳሌ ያህል በሺሺንዳ ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ የቀበሌው መዝገብ 120 ተፈናቃዮችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ ደግሞ 90 ይዘዋል እንበል፤ 60ዎቹ በሁለቱም ላይ ይገኛሉ። 120 በ90 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 180 ይሆናል። ሁለቱ መዝገቦች በአንድነት የያዙት 150 ሰው ብቻ ስለሆነ፣ 30 ሰው ማንም አላየውም ማለት ነው። ስፊር የተሰኘው የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ስለሚጠይቅ፣ በየቀኑ 450 ሊትር ይጎድላል።

ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ መዝገቦች ሳይመካከሩ የተዘጋጁ ሲሆኑ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ የሚያውቃቸውን ሰዎች ለጤና ሠራተኛዋ ከጠቆማት፣ የጋራው ቁጥር ይበዛና ግምቱ ያንሳል። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪው የስም አጻጻፍ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ሴት ናት፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ናት። በካፊኖኖ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ሲጨመርበትማ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል። ከ60ዎቹ መካከል 10ሩ በዚህ ምክንያት ሳይለዩ ቢቀሩ የጋራው ቁጥር 50፣ ግምቱም 216 ይሆናል፤ የሌሉ 36 ሰዎች ተወለዱ! ለእነርሱ የሚላከው ውኃና እህል ከሌላ ቀበሌ ድርሻ ላይ የሚነሳ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ መዝጋቢ ከስም ሌላ የእናትን ስም፣ የተለቀቀውን ቀበሌና የልጆችን ዕድሜ ይጠይቃል። ንጽጽሩ እንደተጠናቀቀም ስሞቹን በመለያ ቁጥር ይተካል፤ በማንነቱ ምክንያት የተሳደደ ሰው ስምና አድራሻው የሰፈረበት ወረቀት በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልምና።