ያውቁ ኖሯል? ጫማ የሚያስወልቀው የቆዳ ምርመራ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ቦብ ማርሊን ለሞት ያበቃው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተነሣ የቆዳ ካንሰር ነው። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ በ1977 ግን ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። በ1981 በ36 ዓመቱ ሲያርፍ ኪንግስተን ውስጥ የቀብሩ ጸሎት የተደረሰለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር።

ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ያን ያህል ጉዳይ የለውም። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ይይዛል፦ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍር ሥርን። ፊትና ክንድ ብቻ አይቶ «ቆዳህ ደህና ነው» ያለ ሐኪም ዋናውን ቦታ ሳያይ አሰናበተ ማለት ነው።

በአሜሪካ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ነጮች 94 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ፤ ከጥቁሮቹ ግን 70 በመቶ ገደማ ብቻ። በሽታው በጥቁሮች ላይ ብርቅ ነው። ብርቅ በመሆኑ አይጠረጠርም፣ ሳይጠረጠርም ሥር ይሰዳል።

ጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር ሁሉ ግን አያስደነግጥም። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ብዙ ጥፍሮች ላይ እንዲህ ያለ መስመር መኖሩ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄደው፣ ይልቁንም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የተሻገረው ነው።

«ማርያም የሳመችኝ» የምንለው ምልክትስ? ከልጅነት ጀምሮ እንዳለ ያለ ከሆነ ይተዉት። በ1985 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አራት መለያዎችን አስቀምጠዋል፦ ግማሹ ከግማሹ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዛነፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ያለፈ። በ2004 አምስተኛው ተጨመረ፦ የሚለዋወጥ። ለእኔ ከአምስቱ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ዋና ጉዳይ። ያውቁ ኖሯል? የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በማርዦላን ስም የሚጠራው ይህ ቁስል አንዳንዴ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ይነሣል። ልጅ ሆኖ እሳት ላይ የወደቀ፣ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይቆስላል። ሰውየው ቅጠል ያስርበታል፣ ቅባት ይቀባዋል፤ ጤና ጣቢያ ሲሄድም ቁስሉ ታጥቦ፣ በፋሻ ታስሮ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። ወራት አልፎት የማይድን፣ ጠርዙ የጠነከረና ያበጠ፣ ሲነካ የሚደማ ቁስል ግን ሌላ ፋሻ ሳይሆን ናሙና ተወስዶለት መመርመር ይገባዋል። ለረጅም ጊዜ ያልዳነ የእግር ቁስልም ከዚሁ ይመደባል። «ሪፈር ይጻፉልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ስለ ፀሐይም እንነጋገር። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ፣ ለምድር ወገብ ቀርባ ተቀምጣለች። ነፋሻ አየሩ ያታልላል፤ የሚያቃጥለው ጨረሩ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ስስ ደመናም አያስጥልም። ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። ሰዓት ባይኖርዎ ጥላዎን ይመልከቱ፦ ከቁመትዎ ካጠረ ይጠለሉ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 እንዳስታወቁት፣ ከሜላኖማ ውጪ ባለው የቆዳ ካንሰር ከሚሞቱ ሦስት ሰዎች የአንዱን ያህል ሞት የሚያስከትለው ፀሐይ ላይ መሥራት ነው። አራሹን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ የትራፊክ ፖሊሱን ያስቡ።

የመኪና መስኮት መዝጋትስ ይበቃል? አይበቃም። ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ አሜሪካዊ ፎቶ በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ፊቱ ከቀኙ በጣም ተሸብሽቧል። የጨረሩ አንዱ ዓይነት መስታወት ያልፋል።

ፀሐይ የምር ጠላት የምትሆነው አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ነው። ቀለም የሌለው ቆዳቸው ገና በወጣትነታቸው በካንሰር ይጠቃል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለእነሱ የውበት ዕቃ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ «ኪሊሰን» የሚባል ክሬም ለእነሱ ተብሎ ይመረታል። በእኛ አገር ክሬሙ ከመዋቢያ ጋር ተደርድሮ በውድ ሲሸጥ ሳይ እበሳጫለሁ። መምህራንም አልቢኒዝም ያለበትን ልጅ ከፀሐያማው መስኮት አርቃችሁ፣ ዓይኑም ስለሚደክም ወደ ሰሌዳው አቅርቡት።

ቆዳ የሚያቀላ ቅባት? የተፈጥሮ ጥላዎን በገንዘብዎ ማስገፈፍ ነው።

ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ በተለይ በነጮች ላይ የቆዳ ካንሰር ሥጋትን ከፍ ያደርጋል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ሐኪምዎን ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።

አውስትራሊያ ማርሊ ባረፈበት ዓመት ሸሚዝ ልበሱ፣ ክሬም ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ የሚለውን ዝነኛ ዘመቻዋን ጀመረች። በዚያ አገር ከሦስት ሰው ሁለቱ 70 ዓመት ሳይሞላው አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ይገኝበታል። ያም ሆኖ ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2023 ገልጿል። ስለዚህ አዲስ የምርመራ ዘመቻ አልጠይቅም፤ ያለውን ቀጠሮ መጠቀም ይበቃል። የስኳር ሕመምተኛ እግር በየቀጠሮው መታየት አለበት፤ ጫማው ከወለቀ ውስጥ እግሩንና ጥፍሮቹንም ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

እርስዎም የእናት የአባትዎን እግር ሲያጥቡ ውስጥ እግራቸውን ገልብጠው ይመልከቱ። ቀድሞ ያልነበረ ጥቁር ምልክት ወይም የማይድን ቁስል ካዩ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።