በነጠላ የተሸፈነ መስታወት

አሰላ የሄድኩት ለለቅሶ ነበር። ሴቶቹ አልቅሰው ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡና ንፍሮው መታደል ከጀመረ በኋላ ቀስ እያሉ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። «ምነው ጠቆርሽ?» «ፊትሽን ምን ነካብኝ?» «ከስተሽ የለም እንዴ!» እዚህ አገር እንዲህ የሚል ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዓይኔ ካንቺ ላይ ነው ማለቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን የገዛ አያቷ ሞተው ድንኳን አልገባችም። ለጠየቀ ሁሉ «ትንሽ አሟታል» ይባላል።

ማታ ክፍሏ ገባሁ። የቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ ነጠላ ተጥሎበታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የስልኳን መብራት አበራችና ግራ ጉንጯን ወደ እኔ አዞረች። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ታየሽ? እውነቱን ንገሪኝ።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት የድሮ ብጉር ጠባሳዎች ናቸው፤ በጣቷ ባታሳየኝ አላያቸውም ነበር። «ምንም የለብሽም» አልኳት። እፎይ አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መብራቱን መልሳ አበራችው።

የያዛት ሕመም በሕክምናው ዓለም «ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር» ይባላል። ለአፍ የሚመች የአማርኛ ስም ስላላገኘሁለት «የመልክ አባዜ» ልበለው። ጣሊያናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ «ዲስሞርፎፎቢያ» ብሎት ነበር። ቃሉ ሥሩ ግሪክ ነው። ቃሉ የሚያያዝበትን ታሪክ የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንዲህ ይተርካል፦ በስፓርታ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ መልከ ጥፉ ሆና ተወለደችና ወላጆቿ ለማንም እንዳትታይ ከለከሉ። ሞግዚቷ ሸፋፍና በየቀኑ ወደ ሄለን ቤተ መቅደስ እየወሰደች ትማጸንላታለች። አንድ ቀን አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ካላየኋት አለች፤ የሕፃኗን ራስ ዳሰሰች፤ ልጅቷም አድጋ የስፓርታ ቆንጆ ሆነች። እኔን የያዘኝ የተረቱ ፍጻሜ ሳይሆን ሽፍንፍኑ ነው። የእኛይቱን ልጅ ግን ማንም ትሸፈን አላለም። ራሷ ነች የተሸፈነችው።

አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች ሕመሙን በዛሬው ስሙ መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከእጅ ማጠብና በር ደጋግሞ ከመፈተሽ አባዜ ጎን አስቀመጡት። ቦታው ትክክል ይመስለኛል። በር የሚፈትሽ ሰው ቁልፉን ባየ ቁጥር ጥርጣሬው እንደሚብስበት፣ ይቺም መስታወት ባየች ቁጥር ይብስባታል። ስለዚህ ወይ ለሰዓታት ከመስታወት አትነሳም፣ ወይ ጭራሽ ትሸፍነዋለች። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው ሁለቱን ያህል እንደሚይዝ ያሳያሉ፤ የቆዳ ሐኪም ደጅ ከሚጠኑት መካከል ሲቆጠር ግን ከመቶ አሥር ገደማ ይደርሳል። ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል፤ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ነው። ሐኪም ሲመረምር ከሚጠይቃቸው አንዱ ቀላል ነው፦ ስለዚህ ነገር በቀን ስንት ሰዓት ታስቢያለሽ? አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ የቁንጅና ወግ መሆኑ ቀርቷል።

ቀይ መሆን መፈለግ ሌላ፣ የመልክ አባዜ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አማርኛችን ሰው ሲገልጽ «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያለ ቀለሙን ከስሙ ቀጥሎ ይጠራል፤ በኦሮምኛም «ዲምቱ» (ቀይ) ስትባል የማትደሰት ልጃገረድ ብዙ አላውቅም። «ቀላሽ» ምርቃት ነው፤ «ጠቆርሽ» ግን ሐዘኔታ። ይህን ሰምታ ክሬም የምትገዛ ሴት ሁሉ ታማሚ አይደለችም። የአካባቢዋን ዋጋ ተመን ነው የተከተለችው። አባዜው የያዛት ግን ብትቀላም አይለቃትም፤ ዓይኗ ከጉንጭ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ግንባር ይዛወራል።

አሰላ ያለችበት የአርሲ ደጋም ለዚህ «ጠቆርሽ» የራሱ ድርሻ አለው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ገደማ ናቸው፤ ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያታልላል። ጋቢ ተደርቦ ፊት ይቃጠላል። ማድያት የሚብሰውም በፀሐይ ነው፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሲጨመርበት ደግሞ ጉንጩን ካርታ ያስመስለዋል። በነገራችን ላይ በቆጂ የደራርቱ ቱሉና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት። ያ ፀሐይ የጠበሰው ፊት ወርቅ ሲያጠልቅ መላው አገር እንባ አውጥቶ አይቶታል፤ ይጠቁር ይቅላ ያለ አልነበረም።

ወደ ክሬሙ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ከትራሷ ሥር ያወጣችልኝ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ቢጫ መሳይ ቅባት። ሻጯ «ቀላቅዬ ነው የምሰጥሽ» ብላታለች፤ ምን ከምን እንደተቀላቀለ አልተጠየቀችም፣ አልተናገረችም። የዚህ ዓይነት ቅባት ባሕርይ ግን የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ክሎቤታሶል የተባለው ብርቱ ስቴሮይድ ነው፤ ሐኪም ለእጅና ለእግር፣ ያውም ለጥቂት ሳምንት የሚያዘው። ፊት ላይ ሲቀባ የቆዳውን የደም ሥሮች ያኮማትራል፣ ብጉሩን ያከስማል፣ ቀለሙን ያፈካል። በሳምንቱ ውስጥ «ውይ እንዴት አማረብሽ!» ይመጣል። ከወራት በኋላ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጡበታል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ አዲስ ብጉር ይፈላል። ላቁም ያለች ዕለት ፊቷ በርበሬ የተቀባ ያህል ይነዳል። መልሳ ስትቀባው ይበርዳል። እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ደግሞ ሲበዛና ሲቆይ ያንኑ ሊያነጣ የተገዛበትን ቦታ ሰማያዊ ወደሚመስል ጥቁረት ይለውጠዋል። ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

የዘመዴ ጉንጭ ላይ በእርግጥ ያየሁት ነገር ቢኖር ያ ቅላት ነው፤ ከክሬሙ በኋላ የመጣው። አባዜው የሌለውን ጉድለት እያሳየ ሱቅ ይወስዳታል፣ ቅባቱ ደግሞ የሌለውን አኑሮላት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ «ምንም የለብሽም» የሚላት ሰው ሁሉ ውሸታም ይሆናል። እኔም ሆኛለሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም ያጠቃልላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ቆዳ ማንጫን አግዳለች፤ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ ለማስወጣት መንግሥታት በሚናማታ ስምምነት ተስማምተዋል። ያ ስም ያልተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ግን አዋጅ አያነብም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንደ እሷ ያሉ ልጆች የሚሄዱበት በር ነው። ሕመሙ ያለው አእምሮ ውስጥ ሆኖ እግሩ የሚወስደው ወደ ቆዳ ነው። መጀመሪያ እናት ልጇን እርድና ማር ትቀባታለች። ቀጥሎ «ዓይን በልቷት ነው» ይባልና ጸበል ወይም ዱዓ ይፈለግላታል። ከዚያ የውበት ሳሎን፣ መድኃኒት ቤት፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ አቅም ያለው ደግሞ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ድረስ። ከቆዳ ክፍል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ የተባለች ዕለት «አብደሻል ተባልኩ» ብላ አልቅሳ ቤቷ ትገባለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያዘጋጀውና በእኛም አገር የሚሠራበት የአእምሮ ጤና መመሪያ ስለ ድብርት፣ ስለ ሥነ ልቦና ቀውስ፣ ስለ ሚጥል በሽታ ያስተምራል፤ ለመልክ አባዜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ የምታለቅስ ልጅ ሲያይ ቢበዛ ድብርት ብሎ ይጽፋል። ድብርቱም ሐሰት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተጠኑ ታማሚዎች መካከል ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ይህን ያወቀ ሰው «ቅብጠት ነው» አይልም።

ስልኩስ? ስልኩን ብቻ መውቀስ አልወድም፤ ሞርሴሊ ሲጽፍ ቲክቶክ አልነበረም። ሆኖም ከፊት ለፊት ሠላሳ ሳንቲሜትር ላይ የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር በሠላሳ በመቶ ያህል እንደሚያሰፋ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሐኪሞች ስሌት አሳይቷል። ልጆቹ ያዩት አፍንጫ የሌንሱ ነው። ማለስለሻው ፊልተር ሲነሳ የሚታየው ቆዳ ደግሞ፣ ቀዳዳ ያለው የሰው ቆዳ፣ በሽታ ይመስላቸዋል።

መድኃኒት የሌለው ነገር አይደለም። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ፣ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ባለ መጠን፣ ለሦስት ወር ያህል ታግሶ ለወሰዳቸው ብዙ ሰው ይረዳሉ። ሌላው የሚጠቅመው በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ነው፤ መስታወት ፊት የሚቆዩበትን ጊዜ በየቀኑ እየቀነሱ፣ ፊትን ሳይሸፍኑ ሱቅ ደርሶ መመለስ፣ ከዚያ ሰርግ፣ ከዚያ ለቅሶ። ቤተሰብም የሚማረው አለ። «ይታያል?» ስትባል «አይታይም» ማለት እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር መሆኑን የነገረችኝ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነች። ደንግጬ ነበር፤ ስንት ጊዜ ጨምሬ ኖሯል።

ባለፈው እሁድ ደወለች። ገና ሰላም ሳንባባል «እትዬ፣ ፎቶ ልላክልሽ፣ እዪልኝ» አለች።

«አላይም» አልኳት። «ዛሬ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

ዝም አለች። ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል፣ ባጃጅ ያልፋል። ውጭ ናት ማለት ነው።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል» አለች። «ከዚያ እማማ ዘይት ግዢ ብላ ላከችኝ።»