ኮድ ያየ ሁሉ ዕቃ አይቀይርም፦ የኤቢኤስ አክቹዌተር ብልሽት እንዴት ይለያል?

ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ መብራት በርቶበት የመጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የምናየው ይህንን ነው። ኮምፒውተር ይሰካል፣ ኮድ ይነበባል፣ ስክሪኑ ላይ "ፓምፕ ሞተር" ወይም "ሶሌኖይድ" የሚል ቃል ይወጣል። ወዲያው ባለንብረቱ "አክቹዌተሩ ሞቷል፣ ፈልገህ አምጣ" ይባላል። ሰውየው ሶማሌ ተራ ዞሮ፣ ብዙ ብር አውጥቶ ይዞ ይመጣል። ዕቃው ይታሰራል፤ መብራቱ ግን ሁለት ቀን ሳይቆይ ተመልሶ ይበራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አክቹዌተሩ ጥፋተኛ መሆኑን ከመፍረዳችን በፊት ምን ምን መፈተሽ እንዳለብን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ አክቹዌተር ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ሴንሰር የሲስተሙ ዓይን ነው፤ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ያያል። ኢሲዩ አእምሮው ነው፤ ያስባል፣ ይወስናል። አክቹዌተር ደግሞ እጁ ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል። በኤቢኤስ ውስጥ ይህ እጅ ሶሌኖይድ ቫልቮችና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ፓምፕ ያሉበት ክፍል ነው። ጎማ ሊቆለፍ ሲል ቫልቮቹ የፍሬን ዘይቱን ግፊት ይይዛሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ፓምፑ ደግሞ የወጣውን ዘይት ይመልሳል። እንግዲህ እጅ አልሠራም ማለት የግድ እጁ ተሰበረ ማለት አይደለም። ደም አልደረሰው ይሆናል፣ ነርቩ ተቆርጦ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አልታዘዘ ይሆናል።

ኮዱም የሚነግረን ይህንኑ ያህል ብቻ ነው። በኦቢዲ ሁለት አሠራር በሲ የሚጀምር ኮድ የሻንሲ ክፍልን ይመለከታል፤ በፒ የሚጀምረው ሞተርና ማርሽን፣ በቢ የሚጀምረው ቦዲን፣ በዩ የሚጀምረው በኮምፒውተሮቹ መካከል ያለውን መገናኛ። አገራችን ውስጥ በብዛት የምናገኘውን ቶዮታ ለምሳሌ እንውሰድ። በብዙ ሞዴሎቹ ሲ0226 የቀኝ ፊት ጎማ ሶሌኖይድ መስመር፣ ሲ0273 የሞተሩ ሪሌ መስመር መቋረጥ፣ ሲ1241 የባትሪ ቮልት ማነስ ነው። ሲ1251 የፓምፕ ሞተሩን ይመለከታል። የጥገና መጽሐፉ ግን እንደ ሞዴሉ አንዱ ጋ "ሞተሩ ተቆልፏል"፣ ሌላው ጋ "የሞተሩ መስመር ተቋርጧል" ይላል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ዕቃ የሚያስቀይር ነው፤ ሁለተኛው ግን አንድ ቦልት በማጽዳት ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሁን።

1ኛ. ባትሪና ቻርጅ። ሞተር ጠፍቶ ቮልቱ ወደ 12.6፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። ባትሪ የደከመበት መኪና የውሸት ኮድ ያመጣል።

2ኛ. ኮዶቹን አንድ ላይ ማንበብ። የአራቱም ጎማ ሶሌኖይድ ኮድ በአንድ ጊዜ ከመጣ አራት ሶሌኖይድ በአንድ ቀን አይሞትም። የጋራ የሆነውን ፈልጉ፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ኔጌቲቭ ሽቦ፣ በመጨረሻም ኢሲዩ። አንድ ኮድ ብቻ ከሆነ ግን የዚያን መስመር ብቻ ተከተሉ።

3ኛ. ፊውዝ፣ ሪሌና ሶኬት። ፊውዝ በዓይን ታይቶ አይታለፍም፤ ይለካል። ሶኬቱን ንቀሉና አረንጓዴ ዝገት፣ የገባ ውኃ ወይም የላላ ፒን እንዳለ ተመልከቱ። በግፊት ውኃ ኢንጂን ማሳጠብ ለዚህ ዓይነቱ ችግር አንዱ ምክንያት ነው።

4ኛ. በጭነት መለካት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። በምትኩ 55 ዋት የግንባር አምፖል አገናኙበት፤ ወደ 4.5 አምፒር ይስባል። አምፖሉ ከፈዘዘ መስመሩ ታሟል። የኔጌቲቭ በኩል ደግሞ ሞተሩ እንዲሠራ በታዘዘበት ሰዓት በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ኔጌቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም።

5ኛ. አክቲቭ ቴስት። ዲያግኖስቲክ መሣሪያው ለአክቹዌተሩ በቀጥታ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ይደረጋል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በማቆሚያ ይደገፍ፤ አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥ። የዚያ ጎማ ግፊት እንዲቀንስ ሲታዘዝ የተቆለፈው ጎማ በእጅ መዞር አለበት። ቫልቩ ጠቅ ብሎ ጎማው ካልተፈታ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ቫልቩ በቆሻሻ ተይዟል ማለት ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ኮድ ላያመጣ ይችላል።

እንግዲህ ቮልት በጭነት ከደረሰ፣ ኔጌቲቩ ጤነኛ ከሆነ፣ ትዕዛዙም ከተላለፈ፣ ሞተሩ ወይም ቫልቩ ግን ካልሠራ ያን ጊዜ ብቻ "አክቹዌተሩ ተበላሽቷል" ማለት እንችላለን። ሲቀየርም ከሌላ ሞዴል የወጣ አሮጌ ዕቃ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አይታሰርም፤ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ሊለያይ ይችላል። ከዚያም አየሩ በመጽሐፉ መሠረት ይውጣ። የፍሬን ዘይትም አይረሳ፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። እርጥበቱ ቫልቮቹንም ያዝጋል።

የገንዘቡ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ የሰው ሕይወትም አለበት። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮት ከበራ ግን የፊትና የኋላ ግፊትን የሚያመጣጥነው ክፍልም ቆሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ በድንገተኛ ፍሬን የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል። እንዲህ ያለውን መኪና አምፖሉን ነቅሎ "ተስተካክሏል" ብሎ መሸኘት ጥገና አይባልም። መልቲሜትርና አንድ አሮጌ አምፖል ከማንም ጋራዥ አይጠፋም፤ መለኪያው እስኪመሰክር መታገሥ ግን ከእኛ ከባለሙያዎቹ የሚጠበቅ ነው።