የቆሮሶ ዓሣ ጠባይና አያያዝ

በባሕር ዳርቻ በመንጋ የሚጓዙ እንደ ሰርዲን ያሉ ዓሦች መኖራቸው የታወቀ ነው። በአገራችን ሐይቆች ከዚህ ጠባይ የሚቀርበው፣ ይልቁንም በጫጩትነቱ ዘመን፣ ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። ለቡታጅራ የሚቀርበው ትልቅ ሐይቅ ዝዋይ (ደምበል) ሲሆን፣ ከገባሮቹ አንዱ የሆነው የመቂ ወንዝ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ስለዚህ የቆሮሶ ጉዳይ የሐይቅ ዳር አጥማጆች ብቻ ሳይሆን የደጋው ገበሬም ጉዳይ ነው።

1. አመጋገቡ

ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ አረንጓዴ ዕፅ (አልጌ) ነው። ጫጩቱ ግን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትንም ይበላል። አልጌ የሚያድገው በፀሐይ ብርሃን ነው። ጎርፍ ከተራቆተ ተዳፋት አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ሲያስገባ ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን አይዘልቅም፤ የዓሣው መኖ ይቀንሳል። ዝዋይ ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ደለል ቶሎ ይጎዳዋል።

2. አረባቡ

ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሌላ ወንድ እንዳይጠጋም ይከላከላል። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዛለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ፣ በአፏ ታቅፋቸው ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ ምግብ አትመገብም ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለች አንዲት እናት ስትጠመድ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ሳይሆን መላ ልጆቿ ናቸው።

3. የመንጋ ጠባዩ

ከእናታቸው የተለዩ ጫጩቶች ሞቃቱን የሐይቅ ዳር መርጠው በቄጠማው መካከል በመንጋ ይኖራሉ። መንጋው ከአምባዛና ከዓሣ በል ወፎች ይጠብቃቸዋል፤ ከተጎታች መረብ ግን አያድናቸውም። እንዲያውም ተሰብስበው መገኘታቸው ለጠባብ ዓይን መረብ ያመቻቸዋል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ሲበዛ ከመዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶ ለገበያ የሚቀርብ ከሆነ፣ የሚሸጠው የከርሞው ምርት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

4. በኩሬ ስለ ማርባት

ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። የሚስማማው የውሃ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። ስለሆነም በወልቂጤ በኩል ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ከደጋው ይልቅ ለኩሬ ይመቻል። በቡታጅራ ዙሪያ ኩሬው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጥልቀቱም 1 ሜትር ያህል እንዲሆን እንመክራለን። በ10 ሜትር በ10 ሜትር ኩሬ 200 ጫጩት ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ችግር ዓሣው አለመራባቱ ሳይሆን ከመጠን በላይ መራባቱ ነው። ወንድና ሴት አብረው ከዋሉ ኩሬው በወራት ውስጥ በጫጩት ይሞላል፤ መኖ ስለማይበቃ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። መፍትሔው ፈጥነው የሚያድጉትን ወንዶች ለይቶ ማሳደግ፣ ወይም ትርፉን ጫጩት በየጊዜው ማውጣት ነው።

5. የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ድርሻ

ሀ. ማኅበራት ትንንሽ ቆሮሶ ባለመግዛት ጠባብ ዓይን መረብ ገበያ እንዲያጣ ያድርጉ።
ለ. በዳር ያለው ቄጠማ እንዳይታጨድ፣ በመራቢያ ቦታዎችም መረብ እንዳይጎተት ከአጥማጆች ጋር ይምከሩ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለዚህ መሠረት ይሆናል።
ሐ. የልማት ሠራተኛው በመቂ ተፋሰስ እርከን ሲያሠራ፣ ሥራው ለማሳው ብቻ ሳይሆን ለሐይቁም መሆኑን ለገበሬው ያስረዳ።

ዛሬ ከመረብ የተረፈ ጫጩት ነገ ወልዶ ይከፍላል። ከደጋ የተጠረገ አፈር ግን ተመልሶ አይመጣም።