የቬንቲሌተር መጠን አወሳሰን

የቬንቲሌተር መጠን አወሳሰን፣ በራሱ በበቂ ሁኔታ መተንፈስ ላልቻለ ሕመምተኛ ማሽኑ ስንት አየር፣ በምን ያህል ግፊት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እና በምን ያህል ኦክስጅን እንደሚሰጠው የመወሰን ሥራ ነው። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ) በሽታውን አያድንም፤ በሽታው እስኪታከም ድረስ ሕመምተኛውን በሕይወት ያቆያል። መጠኑ ካነሰ ሕመምተኛው ይታፈናል፤ ከበዛ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሳንባን ይጎዳል።

የተፈጥሮ እና የማሽን አተነፋፈስ

ጤነኛ ሰው አየር ሲያስገባ በደረትና በሆድ መካከል ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደረትም ይሰፋል። በዚህ ጊዜ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ቬንቲሌተር የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ አየሩን በቱቦ ወይም በጭምብል ገፍቶ ያስገባዋል። አየሩ የሚወጣው ግን እንደ ተነፋ ፊኛ ሳንባና ደረት በራሳቸው ሲኮማተሩ ነው።

ዋና ዋና መጠኖች

የትንፋሽ መጠን፦ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ሲሆን በሚሊ ሊትር ይለካል።

የትንፋሽ ብዛት፦ ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጠው ትንፋሽ ቁጥር ነው።

የኦክስጅን ድርሻ፦ ከሚሰጠው አየር ውስጥ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደሆነ ያመለክታል። በተራ አየር ውስጥ 21 በመቶ ነው፤ በማሽን እስከ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

የትንፋሽ ማብቂያ ግፊት (ፒፕ)፦ አየር ከወጣ በኋላም በሳንባ ውስጥ እንዲቀር የሚደረግ ግፊት ነው። ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ጨርሰው እንዳይከደኑ ይረዳል። የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በ5 ይጀመራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም የሚወጣበትን መጠን ይወስናሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ወደ ደም የሚገባውን ኦክስጅን ይወስናሉ።

መጠንና ብዛት አይተካኩም። በአዋቂ ሰው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ብቻ ስለሚቀር ከደም ጋር አይገናኝም። ለምሳሌ 500 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 12 ጊዜ ቢሰጥ ድምሩ 6,000 ሚሊ ሊትር ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር 20 ጊዜ ቢሰጥም ድምሩ ያው 6,000 ነው። ነገር ግን ከረጢቶቹ ድረስ የሚደርሰው አየር በመጀመሪያው 4,200፣ በሁለተኛው 3,000 ብቻ ነው። ስለዚህ የትንፋሹ መጠን ሲቀነስ ብዛቱ ከድምሩ ስሌት በላይ መጨመር ይኖርበታል።

የማነስ አደጋ፦ ኮፐንሃገን፣ 1952 እ.ኤ.አ.

በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከባድ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሽባ ያደርግ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ በደማቸው ውስጥ ብዙ ባይካርቦኔት ስላገኙ ችግሩ ሌላ ነው ብለው አስበው ነበር። የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ የሚሞቱት በቂ አየር ስለማያገኙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ስለሚጠራቀም መሆኑን ተረዳ። በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን በከረጢት በእጅ መግፋት ጀመረ። ለዚህ ሥራ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች ሌትና ቀን በፈረቃ ከረጢቱን ጨመቁ። የሟቾችም ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ጅማሬ ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል።

የመብዛት አደጋ

ማሽኖቹ ከተስፋፉ በኋላ ለአዋቂ ሕሙማን በኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር መስጠት የተለመደ ሆነ። ጤነኛ ሰው በእረፍት ጊዜ የሚተነፍሰው ግን ከ7 እስከ 8 ያህል ነው። ትልቅ ትንፋሽ ከረጢቶቹን ይከፍታል፣ የደሙንም ጋዝ ያስተካክላል ተብሎ ስለታመነ ልማዱ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

ችግሩ የታየው በተለይ ሳንባቸው በእብጠትና በፈሳሽ በተሞላ፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኤ.አር.ዲ.ኤስ. በተባለው ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ ጋቲኖኒና ባልደረቦቹ በሲቲ ስካን እንዳሳዩት፣ በእነዚህ ሕሙማን አየር የሚቀበለው የሳንባ ክፍል ጥቂት ነው፤ «የሕፃን ሳንባ» ብለውም ጠሩት። ለሙሉ ሳንባ የታሰበ አየር ወደዚያ ትንሽ ክፍል ሲገፋ ከረጢቶቹ ከልክ በላይ ተለጥጠው ይጎዳሉ።

ጥያቄው የተፈተነው በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት ሲሆን ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ። 861 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በኪሎ ግራም 12 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 6 ሚሊ ሊትር እንዲያገኝ ተደረገ። በሁለተኛው ቡድን አየሩ ገብቶ ሲቆም የሚለካው ግፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዳያልፍ ተወሰነ። ከ12ቱ ቡድን 39.8 በመቶ፣ ከ6ቱ ቡድን 31.0 በመቶ ሞቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሻለ የደም ኦክስጅን ውጤት የነበረው ብዙ ሞት የታየበት ባለ 12ቱ ቡድን ነበር። ይህም በምርመራ ወረቀት ላይ ያለን ቁጥር ማሳመር ሕመምተኛውን ከማዳን ጋር አንድ እንዳልሆነ አሳየ።

ስሌቱ በቁመት ነው

በጥናቱ የተጠቀሰው ኪሎ ግራም በሚዛን የሚለካው አይደለም። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም፤ የሳንባ ስፋት በይበልጥ ቁመትንና ጾታን ይከተላል። ስለዚህ የሚጠበቀው ክብደት በሚከተለው ቀመር ይሰላል፦

ለወንድ፦ 50 + 0.91 × (ቁመት በሴንቲ ሜትር − 152.4)

ለሴት፦ 45.5 + 0.91 × (ቁመት በሴንቲ ሜትር − 152.4)

ለምሳሌ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ በሚዛን 90 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት የሚጠበቀው ክብደቷ 52.4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 314 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሚዛኑ ክብደት ቢሰላ ግን 540 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም ለሳንባዋ በኪሎ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። ቁመት ሳይለካ በግምት ሲሠራ አጫጭር ሰዎችና ሴቶች ከሚገባቸው በላይ አየር የሚሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። መተኛት ግድ ለሆነበት ሕመምተኛ ቁመቱ አልጋው ላይ በሜትር ይለካል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም

ትክክለኛው መጠን እንደ በሽታው ይለያያል። በከባድ አስም የተያዘ ሰው ችግሩ አየር ማስወጣት ስለሆነ ብዛቱ ይቀነሳል፣ ለማስወጫውም ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ አለዚያ አየር በሳንባው እየተጠራቀመ የደም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። በኤ.አር.ዲ.ኤስ. ሕመምተኛ ሳንባውን ለመጠበቅ ሲባል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመጠኑ ከፍ ቢል ይታለፋል። በጭንቅላት ጉዳት ግን ይኸው መጨመር በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚያባብስ አይፈቀድም። ኦክስጅንም ቢሆን ሲበዛ ሳንባን ስለሚጎዳ ለሕመምተኛው ወደሚበቃው ዝቅተኛ ድርሻ ይወርዳል።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው አወሳሰን መነሻ ብቻ ነው። ባለሙያው የደረቱን እንቅስቃሴ፣ በጣት ላይ የሚለካውን ኦክስጅን፣ የማሽኑን ግፊትና የደም ጋዝ ምርመራን እያየ ደጋግሞ ያስተካክላል።

ከማሽን ማላቀቅ

ሥራ የፈታ ድያፍራም በጥቂት ቀናት ውስጥ መሳሳትና መድከም ይጀምራል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ የሚረዳ ማሽንም ጉዳት አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ በ300 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕመምተኛው በራሱ መተንፈስ ይችል እንደሆነ በየዕለቱ መፈተሽ በማሽን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ እንደሚያሳጥር አሳይቷል፤ መካከለኛው ቆይታ ከ6 ቀን ወደ 4.5 ቀን ወርዷል። ፈተናውን ያለፈ ሕመምተኛ ማሳሉ፣ ንቃቱና አክታውን የማስወጣት አቅሙ ታይቶ ቱቦው ይወጣለታል። ያላለፈም በማግስቱ እንደገና ይሞከራል።