የታሸገ ጠገራ ብርና ማኅደሩ

የጥንት ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሁሉ፥ አንዱን ብር መርምረው ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ደረጃውን ከወሰኑለት በኋላ በጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች መኖራቸውን ያውቃል። መለኪያውን ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለአገሩ የመዳብ ሳንቲሞች አወጣው፤ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ ለብዙ አገሮች ገንዘብ አዋሉት።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ፥ ክብር ሲገባው የተዘነጋው አልበሙ ነው እላለሁ። የታሸጉት ብሮች በሣጥን ተደርድረው ሲቆሙ ጠርዛቸው ብቻ ይታያል፤ በአልበም ቅጠል ላይ ግን ብዙዎቹ በአንድነት ፊታቸውን ይገልጣሉ፥ ቅጠሉም ሲገለበጥ ጀርባቸው ይነበባል። በፓሪስ ተቀርጾ 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር በያዘው በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ሲያነሣ፥ 1892 በሚለው ላይ ቀኙን ያነሣልና፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አኑሮ ማነጻጸር ለእኔ ታላቅ ደስታ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስሕተት፥ «ታሽጓልና ከእንግዲህ ምንም አይነካውም» የሚለው እምነት ነው። ማሸጊያው ከእጅ ላብ፥ ከጭረትና ከመለዋወጥ ይጠብቃል እንጂ፥ መጋጠሚያው ረቂቁን ትነት ስለሚያሳልፍ አየርን ፈጽሞ አይከለክልም። ብርም የድኝ ትነት ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ይህም ትነት ከሱፍ፥ ከጎማ፥ ከርካሽ ካርቶንና ከከሰል ጢስ ይወጣል። እቴጌይቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ እንኳ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ሲታተም ከኖረው ከማርያ ቴሬዛ ብር አንዱን፥ ከፍ ያለ ደረጃ የተሰጠውን፥ በአንድ ሽማግሌ ወዳጄ ቤት አይቼው ነበር፤ ማኅተሙ ምንም ሳይነካ የእቴጌይቱ ትከሻ ጠቁሮ ነበር፥ አልበሙ ለዘመናት በሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ተቀምጧልና። ድርጅቱ የሰጠው ቁጥር ብሩ በተመረመረበት ዕለት የነበረውን መልክ ይመሰክራል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚባለው፥ አዲስ ሲሆን ኃይለኛ ሽታ ያለው ልስልስ ፕላስቲክ ነው። ቅጠሉ ከዚህ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ሲያረጅ በማሸጊያው ላይ ቅባት ይተዋል፤ ያልታሸገ ብር ሲያገኝ ደግሞ በአሲዱ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅልበታል። ይህ እየታወቀ የዋጋው ርካሽነት ብቻ ታይቶ ሲገዛ ማየት ያስቆጣኛል። ብርን በአመድና በሎሚ ስለሚያሹት ሰዎችማ ምን እላለሁ? መርማሪው የታሸውን ገጽ ወዲያው ያውቀዋል፥ ንጹሑን ደረጃም ይነፍገዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አልበም በምትገዛበት ጊዜ ቅጠሉ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ፤ አንዱ ጠገራ ብር ብቻውን 28 ግራም ያህል ይመዝናልና ቅጠሉን አታብዛ፥ ቀለበቱ እንዳይጣመምም አልበሙን አቁመህ፥ ከኩሽናና ከእርጥበት አርቀህ በደረቅ መደርደሪያ አኑረው።